ከተራራ የሚወርደው ልጅ

ሼኽ ተይብ የተገኙት በገዛ የተምር አትክልታቸው ውስጥ፣ ከጎጆዋ ግድግዳ ሥር ነበር። በቀኝ ጎናቸው ተጋድመዋል። ዓይናቸው ተከድኖ፣ የሱፍ መደረቢያቸው እስከ አገጫቸው ተስቦላቸዋል። የራስ ቅላቸው ከኋላ በኩል ባይደቀቅ ኖሮ፣ ያያቸው ሁሉ ሸለብ ያደረጋቸው ይመስለው ነበር። ከበላያቸው፣ በነጩ ግድግዳ ላይ፣ አንድ ሰው በከሰል «የከሃዲ ዋጋው ይህ ነው» ብሎ ጽፏል።

ኢንስፔክተር ነዚሃ ከጋቤስ ከተማ ተጠርታ ኡም ነኽላ መንደር ስትደርስ ረፋድ ሆኗል። ከሬሳው ኋላ ቆመችና ፊታቸው ወደሚያይበት አቅጣጫ አየች። ከዘንባባዎቹ ባሻገር፣ በደቡብ በኩል፣ የመንደሩ የውሃ ማማ ለብቻው ቆሟል። እንደዚያ ቆማ ስለቆየች የብሔራዊ ዘብ አዛዡ ሻምበል ፈርሐት ትዕግሥቱ አለቀ።

«ለላ ነዚሃ፣ የመጣሽው ለፊርማ ነው» አላት፤ ለላ በአገሩ የሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው። «ገዳዩ እጃችን ላይ ነው። ዙሃይር ይባላል። ሦስት ዓመት ተራራ ላይ ከታጣቂዎቹ ጋር ኖሯል። ሼኹ ለምነው አወረዱት። እስሩን ጨርሶ ሲወጣ የገዛ ዘመዶቹ በር ሲዘጉበት እሳቸው እዚችው ጎጆ ውስጥ አስጠጉት። እባብ በጉያ ማሳደግ ይሄ ነው።»

«ግድግዳ ላይ ከሃዲ ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ የገደለውን ሰው ዓይን ይከድናል?»

«እሱን የያዝኩትም በዚሁ ነው። ተራራ ያሉት ቢሆኑ ለውሻ ጥለዋቸው ይሄዱ ነበር እንጂ ወደ መካ አዙረው አያስተኟቸውም። ይሄ ግን ሁለት ዓመት ከሳህናቸው የበላ ነው። ከገደላቸው በኋላ አንጀቱ አልችል አለና ወደ ቂብላ አዞራቸው።»

ነዚሃ ሻምበሉን ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው ነው ብላ ንቃው ነበር። ይህን ሲናገር ግን ጭንቅላቱ እንደሚሠራ አመነች።

«ሌላም አለ» አለ ሻምበሉ። «ነገ ሐሙስ ሼኹ አንድ ልጅ ከተራራ ሊቀበሉ ቀጠሮ ነበራቸው። የማን ልጅ እንደሆነ ለእኔም አልነገሩኝም። ደንባቸው ነው፤ የሚወርደው ሰው እግር ሜዳውን እስኪረግጥ ድረስ ስሙን አፋቸው ላይ አያመጡም። ዙሃይር መልእክተኛቸው ስለሆነ ያውቃል። ንገረኝ ብለው፣ ባስፈራራው፣ ሆድ ይፍጀው ብሏል። ነገ በማለዳ ወደ ዋናው ከተማ እልከዋለሁ።»

«ነገ የሚወርደውን ልጅ ማን ይቀበለዋል?»

«ማንም። ካልወረደ እኔ ሰዎቼን ይዤ እወጣለሁ። አሥራ አንድ ወታደር ቀብሬአለሁ፣ ለላ ነዚሃ። ለሽምግልና የቀረኝ ትዕግሥት የለም።»

 በሼኽ ተይብ እጅ ሰባት ወጣቶች መሣሪያቸውን ጥለው እንደወረዱ አገር ያውቃል። አሁን ደግሞ ሼኹን የገደላቸው ራሳቸው ያወረዱት ልጅ ነው ተብሎ ከተወራ፣ ላይ የቀረው አይወርድም፤ እታች ያለውም ማንንም አያስጠጋም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቀብር ብቻ ነው።

ወደ አትክልቶቹ የሚያስገባው መንገድ አንድ ነው፤ እሱም በዘቦቹ ኬላ በኩል ያልፋል። ከጎህ ሶላት በኋላ በዚያ ያለፉት ሼኹ ራሳቸው፣ የወንድማቸው ልጅ ነጂብ እና የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው ቤልገሲም ብቻ እንደነበሩ ዘቡ ተናገረ። ዙሃይር ያደረው እዚያው ጎጆ ውስጥ ነው። ስለ ሐሙሱ ቀጠሮ ከሻምበሉ ሌላ የሚያውቁትም ነጂብ፣ ቤልገሲምና ዙሃይር ብቻ ነበሩ።

ሬሳው ለእጥበት ሲወሰድ ነዚሃ ዙሃይርን ከነሰንሰለቱ ወደ አትክልቱ አስመጣችው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ ግን አርባ ይላል።

«የጎህ ሶላት የት ሰገድክ?»

«እዚህ፣ ለብቻዬ። መስጊድ ስገባ ሰው ከአጠገቤ ይሸሻል። ሰግጄ ተመልሼ ተኛሁ። ስነሳ ነው ያገኘኋቸው።»

«ያኔ ተራራ ለምን ወጣህ?»

ዙሃይር ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለጠየቀው መልሱ በአፉ ላይ ደርቆበታል።

«ዲፕሎማ ነበረኝ፤ ጡብ እሸከም ነበር። አንድ ቀን ፖሊስ ገበያ መሀል አባቴን በጥፊ መታው፤ እኔ መታወቂያዬን ረስቼ በመውጣቴ። አባቴ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ማታ አንድ ሰው መጥቶ ‹ወንድሜ› አለኝ። በዚያ ዓመት ወንድሜ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የመጀመሪያው ትምህርታችን አባቶቻችንን መናቅ ነበር። የመንደራችን አሮጌ መስጊድ ቂብላው የተዛነፈ ነው፣ ወደ መካ አያይም፣ የእናንተ ሰዎች ሶላት ሁሉ ባዶ ነው አሉን። በኮምፓስ ለክተው አሳዩን። ወርጄ ለአባቴ ‹ዕድሜህን በከንቱ ሰገድክ› አልኩት። በዓመቱ ሞተ። ለሲዲ ሼኽ ስነግራቸው ሳቁብኝ። ‹የሚያየን አምላክ ኮምፓስ አይዝም፣ ልጄ› አሉኝ።»

ነዚሃ ፀሐይዋን አየት አደረገች። የቀትር ሶላት ደርሷል። ከጎጆው ውስጥ ምንጣፍ አምጥታ ሰንሰለቱን ከአንድ እጁ አስፈታችለት።

«እኔ ለቦታው እንግዳ ነኝ። አንጥፍልኝ።»

ዙሃይር ምንጣፉን ሲዘረጋ ራስጌውን በምሥራቅ በኩል ወደ ተራራው ጫፍ አደረገው። አንጥፎ ሲጨርስ አፈረ።

«ይቅርታ፤ እኔ አሁንም በኮምፓሱ ነው የምሰግደው። እጄ ለምዶታል።»

«ነገ የሚወርደው ማነው?»

«እግሩ ሜዳ ሳይረግጥ አልናገርም ብዬ በቁርኣን ምያለሁ። ስሙ ከወጣ ላይ ያሉት ያርዱታል።»

«ባለመናገርህ አንተን ይሰቅሉሃል።»

«አውቃለሁ» አለ ዙሃይር።

ነጂብ በባህር ዳርቻዋ ሱስ ከተማ ያደገ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው። ሥራ ካጣ ወዲህ አጎቱ ቤት ተጠግቶ የአጎቱን በጎ ሥራ ሲራገም ይውላል። ማለዳ ላይ ለምን ወደ አትክልቱ እንደሄደ ጠየቀችው።

«ተምር ልለቅም። ቁርሴ ነው። አጎቴ ቤት ለእነዚያ ጭራቆች እንጂ ለእኔ ቁርስ የለም።»

«አጎትህን አግኝተሃቸዋል?»

«ድምፃቸውን ሰምቼ ሌላ ዛፍ ሥር ሄድኩ። ከአንዱ ጋር ይነጋገሩ ነበር። ምክራቸው ሰልችቶኛል እባክሽ። ታጣቂዎቹ የባህር ዳርቻውን በጥይት አስበርግገው ሆቴላችንን ባዶ አስቀሩት። እኔ ዳቦዬን አጣሁ፤ እሳቸው ለሰው በላዎቹ ሻይ ያፈላሉ። ማነው ለእኔ ሻይ ያፈላልኝ?»

«ቀላል ቅሬታ አይደለም» አለች ነዚሃ፤ እውነቷን ነበር። «ከማን ጋር ነበር የሚያወሩት?»

«እኔ ምን አውቄ። ከዙሃይር ጋር ይሆናላ።»

እሱንም ምንጣፍ አስያዘችው። ነጂብ ግራ ቀኙን አየና ስልኩን አወጣ። በስልኩ ላይ ያለችው ቀስት እስክትረጋ ጠብቆ፣ እሱም ምንጣፉን ወደ ተራራው ጫፍ ዘረጋው።

«እዚህ መስጊድ ገብቼ አላውቅም፤ አትፍረጂብኝ» አላት።

ቤልገሲም ያሉት በራሳቸው አትክልት ውስጥ ነበር፤ ከሼኹ አትክልት ሁለት አጥር አልፎ። ነዚሃ በዛፎቹ መካከል አቋርጣ ስትደርስ ጫማዋ አቧራ ለብሶ ነበር። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ጺማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ትልቁ ልጃቸው ረምዚ በሻምበል ፈርሐት ሥር ዘብ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ታጣቂዎቹ ከተራራው ግርጌ አድፍጠው ገደሉት። ትንሹ ኢልየስ በጀልባ ወደ ጣሊያን ተሻግሯል ይባላል።

«አላህ ያጽናዎት፣ ዐሚ ቤልገሲም» አለች፤ በአገሩ ልማድ አጎቴ ማለቷ ነው።

«ምን ይጽና፣ ልጄ። አርባ ዓመት ትከሻ ለትከሻ ሰግደናል። ከእናቴ ልጅ ይበልጥብኝ ነበር።»

«ማለዳ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። የውሃ ተራዬ ነው። ከጎህ ጀምሮ ሳጠጣ ነበር። በእኛ አገር ሰው ልጁ ቢሞትበት እንኳ የውሃ ተራውን ሳይጨርስ ለቅሶ አይቀመጥም። ረምዚ የሞተ ዕለትም አጠጥቻለሁ።»

 ነዚሃ አዘነችላቸው። ሐዘኗን ግን ዓይኗ አልተከተላትም። በዘንባባዎቹ ግንድ ዙሪያ ውሃ እንዲይዙ የተከተሩት ጉድጓዶች አፈራቸው ተሰነጣጥቋል። የቦዩ መክፈቻ ዶማ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እንደ ማዕድ ቤት ማንኪያ ንጹሕ ነው።

«ሼኹ ስለ ሐሙስ ነግረውዎት ነበር?»

«ነግሮኛል። አንድ ልጅ ይወርዳል አለኝ። ለሁሉም የሚያዝን ሰው ነበር። ለእኔ ልጅ ያዘነ ግን የለም።»

የሶላቱ ጊዜ ሊያልፍባት እንደሆነ ነግራ ምንጣፍ ለመነቻቸው። ቤልገሲም ምንጣፉን ሲያነጥፉ ቀና ብለው እንኳ አላዩም፤ ሰው በጨለማ የቤቱን በር እንደሚያገኝ እጃቸው ብቻውን አነጠፈው። ነዚሃ በምንጣፉ ላይ ቆማ ፊት ለፊቷ ስታይ፣ ከዘንባባዎቹ በላይ የውሃ ማማው ቆሞ ነበር።

ሼኹ የተቀበሩት ዐስር ከሚባለው የከሰዓት ሶላት በኋላ ነው። መንደሩ ሁሉ ወጥቷል። ሴቶች ርቀው ቆመዋል፤ ነዚሃም ከእነሱ ጋር ሆና መቃብሩን ተመለከተች። ጉድጓዱ የተቆፈረው ሟቹ በቀኝ ጎኑ ሲተኛ ፊቱ ወደ ውሃ ማማው እንዲሆን ነው። ከጎኑ ያሉት የድሮ መቃብሮች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ኡም ነኽላ ሕያዋኗን እንደምታሰግድ ሙታኖቿንም እንዲሁ ታስተኛለች። ነዚሃ ከዚያ በላይ የምታየው አልነበራትም። ደስ ግን አላላትም። ጥፋተኛው ሌላ ሰው በሆነ ብላ ተመኘች።

ሁሉንም በሼኹ አትክልት ሰበሰበቻቸው። ሻምበሉ ቆሟል፤ ዙሃይር በሰንሰለቱ ከጎጆው ደጃፍ ተቀምጧል፤ ነጂብ ዘንባባ ተደግፏል፤ ቤልገሲም የውሃ እንስራው አጠገብ አቀርቅረዋል።

«ከጽሑፉ እንጀምር» አለች። «ከሃዲ የሚለው ቃል ተራራ ያሉት ገደሏቸው እንድንል የተጻፈ ነው። ሻምበሉ ግን አልተታለሉም። ታጣቂዎቹ ከሃዲ ያሉትን ሰው ዓይን ከድነው፣ አልብሰው፣ ወደ ቂብላ አያዞሩም። ስለዚህ ገዳዩ ሼኹን የሚወድ ሰው ነው። እዚህ ድረስ አብረን ነን።»

«ታዲያ ዙሃይር ነው» አለ ሻምበሉ።

«ቂብላው ወዴት ነው፣ ሻምበል?»

ሻምበሉ እጁን ወደ ተራራው ጫፍ ዘረጋ።

«ዙሃይርም ምንጣፍ ሲያነጥፍልኝ ወደዚያው ነው ያነጠፈው። ነጂብም በስልኩ ለክቶ ወደዚያው። ለአሮጌው መስጊዳችሁ እንግዳ የሆነ ሁሉ ወደዚያው ነው። ሼኽ ተይብን ያዞራቸው ሰው ግን ፊታቸውን ወደ ውሃ ማማው ነው ያደረገው፤ እንደ አሮጌው መስጊድ። ደንግጦ፣ ተንቀጥቅጦ፣ የሚወደውን ሰው በእጁ ገድሎ ሳለ ማንም ስልክ አያወጣም። እጁ የለመደውን ያደርጋል። የዙሃይር እጅ ሌላ ለምዷል፤ በዚያ ነገር ከአባቱ ጋር ተቆራርጧል። ነጂብ ያንን መስጊድ ረግጦ አያውቅም።»

 ከመስጊዱ ሰዎች ማለዳ ኬላውን ያለፈው አንድ ብቻ እንደሆነ ሁሉም በልቡ አሰበ፤ ዓይናቸው ግን ወደዚያ ለመዞር ፈራ።

«አንድ ምክንያት ለማንም አይበቃም» ስትል ቀጠለች ነዚሃ። «ነጂብ ሼኹ ከሰው ጋር ሲነጋገሩ ሰምቷል። ዐሚ ቤልገሲም፣ እርስዎ ከጎህ ጀምሮ ሲያጠጡ ነበር አሉኝ። አትክልትዎን ሳቋርጥ ጫማዬን አቧራ አለበሰው። ዘንባባዎችዎ ሥር መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ዶማዎ ላይ ጭቃ የለም። ረምዚ በሞተበት ዕለት እንኳ ያጠጣ ሰው ዛሬ ውሃውን ወደ አሸዋ ለቀቀው። ዶማው ታጥቧል። ዶማ ያጠበው ውሃ ለዘንባባው ለምን አልደረሰም?»

ቤልገሲም ቀና አሉ። ለመካድ የሞከሩ አልመሰሉም። ይልቅስ ከትከሻቸው ሸክም የወረደላቸው ይመስሉ ነበር።

«ልጁን ይፍቱት» አሉ ወደ ዙሃይር እያመለከቱ። «ተራራ ያሉት ናቸው እንዲባል እንጂ እሱ እንዲያዝ አልፈለግሁም። ሲይዙት ግን ዝም አልኩ። ከመግደሌ ይልቅ ዝምታዬ ነው የከፋኝ።»

«ምን ተባባላችሁ?»

«ውሃዬን ልከፍት ስሄድ ጠራኝ። ‹ነገ ከእኔ ጋር ትመጣለህ፤ ልጁን ቀድመህ የምታቅፈው አንተ ነህ› አለኝ። ማነው አልኩት። ‹ሲወርድ ታየዋለህ› አለና ሳቀ። ረምዚን የገደለውን ነው የሚያሳቅፈኝ ብዬ ደሜ ፈላ። ደግሜ ማነው አልኩት። እንዳትጠይቀኝ አለኝ፤ ጀርባውን ሰጠኝ። ዶማው እጄ ላይ ነበር።»

ነዚሃ ወደ ሽማግሌው ቀረብ አለች። የቀረውን ባትናገረው በወደደች። ነገር ግን ነገ ሐሙስ ነው፤ የሚወርደውም ልጅ የሚቀበለው ሰው ያስፈልገዋል።

«ሼኽ ተይብ በሰው ቁስል የሚስቁ ሰው ነበሩ?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን ሳቁ? ከዚህ በፊት ሰባት ሲያወርዱ እርስዎን ጠርተውዎት ያውቃሉ?»

«አያውቅም።»

«ዐሚ ቤልገሲም፣ ኢልየስ ከጣሊያን ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልዎ መቼ ነው?»

  የሽማግሌው ልጅ በጀልባ እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ አንድ ቀንም ደውሎ አያውቅም፤ ጣሊያን ነው ያሉት ለሰው ነበር፤ ሲደጋግሙት ራሳቸውም አመኑት። ወደ ዙሃይር ዞረው አዩት። ዙሃይር መሐላውን አልሰበረም፤ አቀረቀረ እንጂ። ነገ የሚወርደው ኢልየስ እንደሆነ ያን ጊዜ ለሁሉም ገባው። ቤልገሲም ተንበረከኩና ግንባራቸውን መሬት ላይ አደረጉ፤ ከዚያም የሰማ ሰው ሊረሳው የማይችል ድምፅ አወጡ።

ሻምበል ፈርሐት ራሱ ሄዶ የዙሃይርን ሰንሰለት ፈታ። ይቅርታ አላለውም፤ እጁን ግን ትንሽ ይዞት ቆየ።

በማግሥቱ ፀሐይ ወጣ ስትል ከተራራው ግርጌ ካለው ደረቅ ወንዝ ዳር አምስት ሆነው ቆሙ፤ ሻምበሉ፣ አንድ ዘብ፣ ነዚሃ፣ ዙሃይርና ቤልገሲም። ሻምበሉ ሽማግሌውን ያለ ሰንሰለት ይዟቸው መጥቷል። ልጁ መሣሪያውን እስኪጥል ሼኹ ታመዋል ይባል ብለው ተስማምተዋል፤ ቤልገሲምም እሺ ብለዋል።

ኢልየስ ከድንጋዮቹ መካከል ብቅ አለ። ከሲታ ነው፤ ጠመንጃው ለትከሻው ይገዝፋል። አባቱን ሲያይ እርምጃው ተሳሰረ።

«ባባ፣ ሲዲ ሼኽ የታሉ?»

ቤልገሲም መልሱን ትተው የራሳቸውን ጥያቄ ጠየቁ። «ረምዚ ሲሞት የት ነበርክ?»

«ላይ ነበርኩ። ሌሎቹ ናቸው የወረዱት። ተመልሰው ስሙን እየጠሩ ሲስቁ ሰማኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ለሲዲ ሼኽ መላክ የጀመርኩት። የታሉ?»

«የሚወርደው ረምዚን የገደለው መስሎኝ ሼኹን ገደልኩት» አሉ ቤልገሲም።

ዘቡ መሣሪያውን አነሳ፤ ሻምበሉ በእጁ ወደ ታች ጫነበት። ኢልየስ ዞሮ ተራራውን አየ። ነዚሃ እግሩን ብቻ ነበር የምትመለከተው፤ ወዴት እንደሚዞር።

«ታዲያ ማን ነው የሚያስገባኝ?» አለ ልጁ።

«እኔ» አለ ዙሃይር። ማንንም ሳያስፈቅድ ወንዙን ተሻግሮ ሄደና ጠመንጃውን ከትከሻው ላይ አወረደለት። እጁን ይዞ አመጣው።

ኢልየስ አባቱ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ግንባሩን በትከሻቸው ላይ ጣለ። ቤልገሲም እጆቻቸውን ከጎናቸው አላነሱም።

«በእነዚህ እጆች አልነካህም» አሉት።